የስምንት ዓመት ልጄ የፊት ጥርስ ይነቀል ወይስ ይታከም?

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤

የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ታላቁ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል ነው። ለመስቀል ሰሞን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሲሯሯጥ በአፉ ተደፋና ከላይ ካሉት ከሁለቱ የፊት ጥርሶቹ የአንዱ ጫፍ ተሰበረ። ከንፈሩ ትንሽ ደምቶ ነበር፤ በጨው ውሃ ሲጉመጠመጥ ቆመለት። ማታ እራቱን በላ፣ በማግስቱም ትምህርት ቤት ሄደ። አላመመውም። እኔም ጫፉ ብቻ ነው ብዬ ተውኩት።

ከገና በኋላ ግን ጥርሱ ከጎኑ ካለው ይልቅ ጠቆር እያለ መጣ። ከጥምቀት ወዲህ ደግሞ ከጥርሱ በላይ ድዱ ላይ ብጉር የምታህል እብጠት ወጣች። ትፈርጥና መግል ታወጣለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቼ ሰጥቼው ለሳምንት ያህል ጠፍታ ነበር፤ ተመልሳ መጣች። እዚሁ ክሊኒክ ሳሳየው ሐኪሙ "ጥርሱ ሞቷል፤ ሥሩም ገና ስላላለቀ ሩት ካናል አይሠራለትም፣ ቢነቀል ይሻላል" አሉኝ። አላስችል ብሎኝ አዲስ አበባ ወሰድኩት። እዚያ አንዲት የልጆች ጥርስ ሐኪም ራጅ አንሥተው ካዩ በኋላ፣ ውስጡን አጽድተው ከሥሩ ጫፍ ደም እንዲገባ በማድረግ ሥሩ እንደገና እንዲያድግ የሚሞከርበት ሕክምና እንዳለ ነገሩኝ። ቢያንስ ሁለቴ መመላለስ፣ ከዚያም ለዓመታት ክትትል ይፈልጋል። "ይሳካል ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም" አሉኝ። ዋጋውም ለእኛ ቀላል አይደለም።

ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ስደውልለት "አንቺ እንዳየሽ" ይለኛል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ደግሞ "እኛ ስንት ጥርስ አስነቅለን አድገናል፤ ለአንድ ጥርስ ይህን ሁሉ ብር? ልጅ ነው፣ ሌላ ይበቅልለታል" ይላሉ። ዕቁብ በመጋቢት ይደርሰኛል፤ ለቤት ኪራይ ያሰብኩት ነበር። ልጄ ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ጀምሯል፤ መርፌ የሚል ቃል ከሰማ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ያኔውኑ ወስጄው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?

የጨነቃት እናት፣ ከአዳማ

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ልብሽ ይረፍ። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ይህ ጥርስ ዛሬ ነገ ሳይባል እንዲነቀል የሚያስገድድ ነገር አላየሁም። የሚያስቸኩለው ውስጡ ያለው ኢንፌክሽን እንዲጸዳ ማድረጉ ነው። ከዚያ በኋላ የትኛውን መንገድ እንደምትይዢ ግን ጠይቀሽና ከባለቤትሽ ጋር መክረሽ የምትወስኚበት ጊዜ አለሽ።

እንቅልፍ ስለነሳሽ ነገር ላንሣ። ልጅ ወድቆ ተነሥቶ፣ እራቱን በልቶ፣ አላመመኝም ብሎ ሲተኛ የትኛዋ እናት ናት በሌሊት ሐኪም ቤት የምትሮጠው? ወላጆች በአብዛኛው የሚመጡት ልክ እንዳንቺ ጥርሱ ሲጠቁር ወይም ድዱ መግል ሲቋጥር ነው። የተመታ ጥርስ ነርቩ የግድ በዕለቱ አይሞትም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም ሕመም ሳያሰማ ነው የሚሞተው። ቶሎ ቢታይ መልካም ነበር፣ ይህን አልሸሽግሽም። ነገር ግን ያን ዕለት ብትወስጂው ነርቩ ይተርፍ ነበር ብሎ የሚምልልሽ ሐኪም አይገኝም። ጸጸቱን እዚህ ላይ ተዪው፤ ለሚመጡት ወራት ጉልበትሽ ያስፈልግሻል።

አማትሽ "ሌላ ይበቅልለታል" ያሉት ከወተት ጥርስ ጋር ተምታቶባቸው ነው። ላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች በሰባትና በስምንት ዓመት አካባቢ የወተቱን ተክተው የሚወጡ ቋሚ ጥርሶች ናቸው፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጣ የለም። ቋሚ ይባሉ እንጂ ድዱን ቀደው ሲወጡ ገና አላለቁም። ከላይ የምናየው ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ድድ ውስጥ ያለው ሥር አጭርና ስስ ነው፤ ጫፉም ክፍት ነው። ሥሩ አድጎ ጫፉ እስኪዘጋ ጥርሱ ከወጣ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ልጅሽ ዐሥር ዓመት ሲሞላው አካባቢ መሆኑ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው በተለምዶ ነርቭ የምንለው፣ ደም ሥር ያለበት የጥርሱ ውስጠኛ ሥጋ ነው። እሱ ሲሞት ሥሩ ግንበኛ ጥሎት እንደሄደ ግድግዳ የደረሰበት ላይ ይቆማል።

አሞክሲሲሊኑ እብጠቷን ለሳምንት አጥፍቶ የመለሳትም ለዚህ ነው። የምንውጠው መድኃኒት በደም ነው የሚጓዘው፤ የሞተው ነርቭ ውስጥ ደግሞ ደም አይዘዋወርም። ጀርሞቹ ጥርሱ ውስጥ እስካሉ ድረስ መግሉ መንገዱን አይስትም። ስለዚህ ሐኪም ካላዘዘልሽ በቀር ደግመሽ አትግዢለት።

አሁን ወደ ሁለቱ ሐኪሞች። የአዳማው ሐኪም ሩት ካናል አይሠራለትም ያሉት እውነት ነው። መደበኛው ሩት ካናል የሥሩን ውስጥ ጠርጎ ጉታ ፐርቻ በሚባል ነገር ጥብቅ አድርጎ መሙላት ነው፤ ጫፉ ክፍት ሲሆን የሚሞላው ነገር የሚያቆመው አጥቶ ወደ አጥንቱ ያልፋል። ግን ከዚህ ተነሥቶ "ይነቀል" ከማለት በፊት ሌሎች ሁለት አማራጮች አሉ።

አንደኛው ጫፉን መዝጋት ነው። ድሮ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል መድኃኒት ሥሩ ውስጥ እየተቀያየረ፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ክዳን እስኪሠራ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይጠበቅ ነበር። መድኃኒቱ ያን ያህል ሲቆይ ግን ስስ የሆነውን ግድግዳ ይብሱን ያደክመዋል፤ ኢንፌክሽኑ ድኖላቸው ሳለ አንገታቸው ላይ የተሰበሩ ጥርሶች ጥቂት አይደሉም። ዛሬ በዚያ ፈንታ ኤምቲኤ ወይም ባዮዴንቲን የሚባል፣ በእርጥበት የሚጠነክር ሲሚንቶ ጫፉ ላይ ይደረግና የቀረው ይሞላል። በአንድ ወይም በሁለት ቀጠሮ ያልቃል፤ ኢንፌክሽኑን በማዳን በኩልም አስተማማኝ ነው። ጉድለቱ ሥሩ ከዚያ በኋላ አለማደጉ ነው። ስስ ሆኖ ይቀራል፣ ልጁ ዳግም ሲወድቅ የመሰበር ስጋቱም አብሮት ይኖራል።

ሁለተኛው የአዲስ አበባዋ ሐኪም የነገሩሽ ነው። ሪጄኔሬቲቭ ኢንዶዶንቲክስ ይባላል፤ ሪቫስኩላራይዜሽን የሚሉትም አሉ። ሐሳቡ የትናንት አይደለም። ኖርዌያዊው ናይጋርድ ኦስትቢ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ደም ወደ ጥርሱ ሥር ገብቶ እንዲረጋ በማድረግ የሚሆነውን አጥንተዋል። በሕፃናት ላይ በርትቶ የተያዘው ግን ጃፓናዊው ኢዋያና ባልደረቦቻቸው በ2001፣ ባንክስና ትሮፕ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የታካሚዎቻቸውን ውጤት ካሳተሙ ወዲህ ነው። የባንክስና የትሮፕ ታካሚ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ከሥሩ ጫፍ ዙሪያ አጥንቱ በሰፊው ተበልቶ ነበር፤ በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ አጥንቱ ተሞልቶ፣ የሥሩም ግድግዳ ወፍሮ ታየ። ያ የታችኛው የጎን ጥርስ ነበር፤ የልጅሽ ደግሞ ተመትቶ የሞተ የፊት ጥርስ ነው፤ ልዩነቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ልጅሽ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን በዝርዝር ብታውቂው ፍርሃትሽ ይቀላል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ድዱ ይደነዝዛል፤ ምራቅ እንዳይገባ ጥርሱ ብቻ ወጥቶ የሚታይበት ስስ ጎማ አፉ ላይ ይወጠራል፤ ከጥርሱ ጀርባ ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ብዙም አይፋቅም፤ የሚጸዳው በፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ቤት ውስጥ በረኪና የምንለው ነገር ሲሆን፣ ለዚህ ሕክምና 1.5 በመቶ ሆኖ ቀጥኖ በሐኪም እጅ ዝግ ተብሎ ነው የሚፈስሰው። (ቤት ውስጥ ማንም እንዳይሞክረው አደራ።) በመጨረሻ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በዚህ ጊዜ ለሳምንታት ብቻ፣ ወይም የአንቲባዮቲክ ቅልቅል ተደርጎበት በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋል። ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ይጠበቃል።

በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ መጀመሪያ የሚያዩት ያቺን ድዱ ላይ የምትወጣ እብጠት ነው። ካለች ማጽዳቱ ይደገማል። ከጠፋች አድሬናሊን የሌለበት ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ አድሬናሊን ደም ሥር ስለሚያጠብ፣ እዚህ ደግሞ የሚፈለገው ደሙ ስለሆነ ነው። ውስጡ ኢዲቲኤ በሚባል ፈሳሽ ይታጠባል፤ ይህ ፈሳሽ በጥርሱ ግድግዳ ውስጥ ተይዘው የቆዩትን እድገት ቀስቃሽ ንጥረ ነገሮች ያስለቅቃል። ከዚያ አንዲት ቀጭን መሣሪያ ከሥሩ ክፍት ጫፍ ጥቂት ሚሊሜትር አልፋ ሕያው የሆነውን ሥጋ ትነካዋለች። ደሙ ከታች ወደ ላይ እየሞላ ይመጣል፣ ከድዱ መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል፣ እስኪረጋም ይጠበቃል። በረጋው ደም ላይ ያው ኤምቲኤ ወይም ባዮዴንቲን፣ ከእሱ በላይ ቋሚ ሙሌት ይደረግና ያልቃል። የሚጠበቀው ከሥሩ ጫፍ አካባቢ ያሉ ስቴም ሴሎች፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጡ የሚችሉ ሴሎች፣ ከደሙ ጋር ገብተው ግድግዳውን የሚያወፍር ነገር እንዲሠሩ ነው።

ሐኪሟ "ቃል አልገባልሽም" ማለታቸው እኔ እንድተማመንባቸው ነው ያደረገኝ። ኢንፌክሽኑ መጥፋቱና አጥንቱ መዳኑ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ይገኛል። ጥርሱን አፍ ውስጥ በማቆየት በኩልም ሁለቱ ሕክምናዎች የሚቀራረቡ ናቸው። የሥሩ መወፈርና መርዘም ግን ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ በመውደቅ የተጎዳ ጥርስ ላይ ደግሞ ውጤቱ ይበልጥ አይገመትም፤ ምቱ ነርቩን ብቻ ሳይሆን ሥር የሚያበጁትን ሴሎችም ሊጎዳ ስለሚችል ነው። በአጉሊ መነጽር የታዩ ጥርሶች እንዳሳዩትም፣ ውስጥ የሚበቅለው የቀድሞው ነርቭ ሳይሆን በአብዛኛው አጥንት መሰልና የሥርን ሽፋን የሚመስል ነገር ነው። ስለዚህ "ጥርሱ እንደ አዲስ ነፍስ ይዘራል" የሚልሽ ካለ አጋኗል። ድካሙን የሚክስ ጥቅም ግን አለው። ስስ ሥር ትንሽ እንኳ ቢወፍር ለሚሮጥና ለሚወድቅ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ቢነቀልስ? በስምንት ዓመት የተነቀለ የፊት ጥርስ ቦታ አጥንቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ ጎረቤቶቹም ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ። ኢምፕላንት የሚባለው፣ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የመንጋጋ እድገት ሳያበቃ አይተከልም፤ ለወንድ ልጅ 18 ከሞላውም በኋላ ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ልጁ ባደገ ቁጥር የሚቀየር፣ ክፍያው የማያልቅ። አማትሽ "ይህን ሁሉ ብር" ሲሉ ይህን ቆጥረውት አይመስለኝም። የታከመው ጥርስ ዕድሜ ልክ ባይቆይ እንኳ ልጁ እስኪጎለምስ አጥንቱን ጠብቆ ከቆየ ሥራውን ሠርቷል። ሥሩ ድድ ውስጥ ክፉኛ ተሰንጥቆ ከተገኘ ግን መንቀል ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ይህን ራጁ ይነግራችኋል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ከአዳማ አዲስ አበባ መመላለስ ትችያለሽ? ሁለቱን ቀጠሮዎች ብቻ አይደለም የምልሽ፤ በስድስት ወር፣ በዓመት፣ በሁለት ዓመት፣ ከዚያም በየዓመቱ እስከ አራት ዓመት ድረስ ራጅ ማሳየት አለ። ይህ ሕክምና የሚፈልገው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ችግር ከተፈጠረ የሚታየው ሕመም ከመምጣቱ በፊት በራጅ ነውና። እችላለሁ ካልሽ፣ እኔ ብሆን ሪጄኔሬቲቩን አስቀድም ነበር። ባይሳካ ወደ ኤምቲኤው መዞር ይቻላል፤ ሥሩ አንዴ ከተሞላ በኋላ ግን ወደዚህኛው መመለስ ከባድ ነው። ሥራሽ፣ ትንሿ ልጅሽ፣ የባለቤትሽ አለመኖር ተደማምሮ መመላለሱን የማይቻል ካደረገው ደግሞ በኤምቲኤ ማስዘጋቱ ምንም የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። ከማስነቀል እጅግ ይሻላል።

ስትሄጂ ሐኪሟን ነርቩ በእርግጥ ሙሉ በሙሉ መሞቱን ምን እንዳረጋገጠላቸው ጠይቂያቸው፤ ከሥሩ በኩል የቀረ ሕያው ክፍል ካለ እሱን ማትረፍ ከሁሉም ይቀድማል። ስለ ቀለሙም አንሺ። ሚኖሳይክሊን ያለበት የአንቲባዮቲክ ቅልቅልና አንዳንዱ ኤምቲኤ ጥርስ ያጠቁራል፤ የማያጠቁር አማራጭ አለና እሱን መጠቀም ይችሉ እንደሆነ ጠይቂ። የተሰበረው ጫፍ መቼ እንደሚጠገን ደግሞ ሳትጠይቂ እንዳትወጪ። በጥርሱ ቀለም ሙሌት ቅርጹን መመለስ ቀላል ሥራ ነው። ልጅሽ እጁን ከአፉ ላይ የሚያነሣው የሥሩ ግድግዳ ስለወፈረ አይደለም፤ መስታወት ፊት ቆሞ ሁለቱ ጥርሶቹ እኩል ሆነው ሲያይ ነው።

ስለ ገንዘቡ፣ ሁሉንም በአንዴ መክፈል የግድ ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያው ቀጠሮና በሁለተኛው መካከል ሳምንታት አሉ። ማጽዳቱን አሁን ከፍለሽ፣ ቀሪውን ዕቁቡ ሲወጣልሽ ትከፍይ እንደሆነ በግልጽ ጠይቂያቸው። ጠቅላላ ዋጋው ጫፉን መጠገኑንና የክትትል ራጁን ይጨምር እንደሆነም እወቂ። ካልተስማማሽ የጥርስ ሐኪሞች የሚሠለጥኑባቸውን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ጠይቂ፤ ሕክምናውን ከሰጡ ዋጋው ሊቀንስልሽ ይችላል። ማጽዳቱን ግን እስከ መጋቢት አታቆዪው።

ባለቤትሽ "አንቺ እንዳየሽ" ሲልሽ እምነቱ ቢሆንም ሸክሙን ለብቻሽ ጥሎብሻል። ሐኪሟ ፊት ሆነሽ ደውዪለትና እሱ ራሱ ይጠይቃቸው። አማትሽንም በክርክር አትርቺያቸው። የሚጨነቁት ለልጅ ልጃቸውና ለቤታችሁ ነው። ከቻልሽ አብረውሽ ይሂዱና ራጁን ይዩት፤ ሥሩ ከጎኑ ካለው ጤነኛ ጥርስ ጋር ተያይቶ ሲታይ ለማንም ግልጽ ነው።

ለልጁ እውነቱን በልኩ ንገሪው። "ምንም አያምም" አትበዪው፤ አንዴ ካመመው ቀጥሎ የሚያምንሽ ነገር ይጠፋል። "ትንሽ ትቆነጥጥሃለች፣ ከዚያ ከንፈርህ ይደነዝዛል፣ ካመመህ እጅህን ታነሣለህ፣ ሐኪሟም ያቆማሉ" በዪው፤ ሐኪሟንም ይህን ምልክት አስቀድመሽ አስማሚያቸው። ቤት ውስጥ "ካልበላህ ሐኪም ይወጋሃል" የሚል ሰው ካለ ከዛሬ ጀምሮ ይተውለት። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ደም እንደሚያይም ንገሪው፤ ያ ደም ለጥርሱ መድኃኒቱ እንደሆነ ጨምረሽ። ማደንዘዣው እስኪለቀው ከንፈሩን እንዳይነክስ ጠብቂው።

እስከ ቀጠሮው ድረስ በለስላሳ ብሩሽ ይቦረሽ፣ በዚያ ጥርስ ጠንካራ ነገር አይንከስ፣ እብጠቷንም ማንም አይጭመቃት። ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ ወይም መዋጥና አፉን መክፈት ካስቸገረው ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂው። የአዳማውንም የአዲስ አበባውንም ራጅ ቅጂ በስልክሽ አስቀምጪ፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚነሣው ራጅ የሚነበበው ከእነሱ ጋር እየተያየ ነው።